«ተመስገን» ብቻውን አይበቃም፦ ወላጆቻችን ለሜዲኬር ጥናት ሲመረጡ ደረጃ በደረጃ ምን እናድርግ?

እናቴ ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ ጥናት ተመርጣ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የተደረገ ቀን አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ጠያቂዋ ላፕቶፗን ከፈተችና «ከእድሜ እኩዮችዎ ጋር ሲተያይ ጤናዎ እንዴት ነው? እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይስ ደካማ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ!» አለች። እኔም ሳላስበው «በጣም ጥሩ» ብዬ ተረጎምኩ። ጠያቂዋ ቁልፉን ነካ አደረገችና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች።

እናቴ ያን ሌሊት ጉልበቷን ሲቆረጥማት ነው ያደረችው። ጠዋት ደረጃውን የወረደችው ግድግዳ ይዛ፣ በየደረጃው እየቆመች ነው። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም።

ጥፋቱ የእናቴ አይደለም። በኛ ዘንድ ስለ ጤና ሲጠየቅ መልሱ ምስጋና ነው። ከላይ ፎቅ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችንም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ስኳራቸው ሦስት መቶ ገብቶ እንኳ። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን አያውቅም። የነገሩትን ብቻ ይመዘግባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተምሬአለሁ። ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ እናት፣ አባት ወይም አያት ይዛችሁ ለምትኖሩ ነው፤ የጥናቱ ደብዳቤ እናንተም ቤት ሊመጣ ይችላል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ለመሆኑ ማነው የሚጠይቀው? ለምን?

ሜዲኬር 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች የሚሸፈኑበት የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስ ነው። ከ65 በታች ሆነው በአካል ጉዳት ምክንያት ከሶሻል ሴኩሪቲ 24 ወር ክፍያ ያገኙ፣ እንዲሁም ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማንም ይገቡበታል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ፈረሙት፤ በ1966 ሥራ ጀመረ። አካል ጉዳተኞች የተካተቱት በ1973 ነው። ዛሬ ከ65 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሸፍናል።

ከኛ ሰው ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በ1980ዎቹ መጥቶ፣ ታክሲ ነድቶ ወይም ፓርኪንግ ሠርቶ፣ አሥር ዓመት ያህል ታክስ ከፍሎ ጡረታ የወጣው ነው። ሌላው ልጆቹ ያመጡት፣ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ኖሮ ወርሃዊ ፕሪሚየም እየከፈለ የገባው ነው። ጥናቱ ሁለቱንም ሊመርጥ ይችላል።

ዋናው ጥናት «የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ወቅታዊ ጥናት» ልንለው እንችላለን። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤም.ሲ.ቢ.ኤስ ይባላል። ባለቤቱ ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባልቲሞር ያለው ሲ.ኤም.ኤስ ነው። ቃለ መጠይቁን የሚያካሂደው ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኖርክ የተባለው የምርምር ድርጅት ነው። ጥናቱ ከ1991 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይካሄዳል። አንድ ሰው ከተመረጠ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ እስከ 11 ጊዜ ይጠየቃል።

መንግሥት ሁሉም መረጃ በእጁ እያለ ለምን ይጠይቃል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ሲ.ኤም.ኤስ የሚያየው ሐኪሙና ሆስፒታሉ የላኩትን ቢል ነው። ቢል ያልተላከበትን አያይም። መደበኛው ሜዲኬር የተለመደ የጥርስ ሕክምና፣ መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ አይከፍልም። ስለዚህ አባታችሁ ለጥርሳቸው ከኪሳቸው የከፈሉት ገንዘብ በሜዲኬር መዝገብ ውስጥ የለም። እናቷን ገላ ለማጠብ ከሥራዋ ሰዓት የምታስቀንስ ልጅም የለችበትም። ይህን የሚያገኙት ሰው ጠይቀው ብቻ ነው።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሜዲኬር ሰው ከፋርማሲ ገዝቶ የሚወስደውን አብዛኛውን መድኃኒት መሸፈን የጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት አረጋውያን ለመድኃኒት ስንት እንደሚያወጡ የሚያሳይ የሜዲኬር ቢል አልነበረም። ሕጉ በኮንግረስ ሲመከርበት ወጪውን ለመገመት ካገለገሉት መረጃዎች አንዱ ይህ ጥናት ነው። ዛሬ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን በጥቂት ብር የምትወስደው፣ በዘጠናዎቹ ውስጥ አንዲት የማላውቃት አሮጊት ደረሰኟን ለጠያቂ ስላሳየች ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፦ እውነተኛውን ከአጭበርባሪው ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በሜዲኬር ስም የሚያጭበረብር ሰው ሞልቷል፤ «ሰርቬይ ነው» ማለት ደግሞ አንዱ ዘዴያቸው ነው።

እውነተኛው ጥናት መጀመሪያ በፖስታ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የሲ.ኤም.ኤስ ነው፤ ጥናቱን ማን እንደሚያካሂድ ይናገራል። ከዚያ ጠያቂ ይደውላል ወይም መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር ያንኳኳል። የፌዴራል መንግሥት የሚያደርገው መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ቁጥር አለው። የዚህ ጥናት ቁጥር 0938-0568 ነው። በወረቀቶቹ ላይ ፈልጉት። ቁጥር መኮረጅ እንደሚቻል ግን አትርሱ፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አትርኩ።

ጥርጣሬ ካላችሁ 1-800-633-4227 ደውሉ። ይህ የሜዲኬር የራሱ ስልክ ነው፤ ከአንዳንድ የፌዴራል በዓላት በስተቀር 24 ሰዓት ይሠራል። «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በነጻ ያገናኟችኋል። ትንሽ ያስጠብቃል፣ ታገሡ። የደወለላችሁ ሰው በሰጣችሁ ቁጥር ግን መልሳችሁ አትደውሉ። አጭበርባሪ ከሆነ የሚያነሳው ራሱ ነው።

ወዲያው ስልክ የሚያስዘጉ ምልክቶች አሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከጠየቀ፣ ዝጉ። «ነጻ የጉልበት ድጋፍ እንላክልዎ»፣ «ነጻ የዘር ምርመራ አለ» ካለ፣ ዝጉ። «ባለ ቺፕ አዲስ የፕላስቲክ ካርድ ወጥቷል፣ የድሮውን ቁጥር ይንገሩኝ» ካለም ዝጉ፤ የሜዲኬር ካርድ ወረቀት ነው። የጥናቱ ጠያቂ የሚሸጠው ነገር የለም። የእናታችሁን ስም ያገኘው ከሜዲኬር መዝገብ ስለሆነ ሜዲኬር እንዳላት ማረጋገጥ አያስፈልገውም። ማንነቱን ሳታረጋግጡ የካርድ ቁጥር በስልክ አትንገሩ።

ችግሩ ወላጆቻችን ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው ብለው ነው ያደጉት። የደወለውን ሁሉ «እንዴት ዋልክ ልጄ» ይሉታል። እኔ ለእናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጽፌ ስልኩ አጠገብ ለጠፍኩላት፦ «ፕሊስ ኮል ማይ ዶተር» (እባክዎ ለልጄ ይደውሉ)። ከሥሩ የኔ ቁጥር አለ። ያንን ታነብና ትዘጋለች። ነውሩም ቀረላት።

ሁለተኛ፦ የትኛው ጥናት እንደሆነ እወቁ

ሁሉም የሜዲኬር መጠይቅ አንድ አይደለም። ከላይ የነገርኳችሁ ጠያቂ ያለው፣ ዓመታት የሚቆየው ነው። ከሱ ሌላ በፖስታ የሚመጡ ሁለት አሉ።

አንዱ ካፕስ የሚባለው ነው። ስለ አገልግሎቱ ይጠይቃል። ቀጠሮ በፈለጋችሁ ጊዜ አገኛችሁ? ሐኪሙ በሚገባ አስረዳችሁ? ምርጫዎቹ «በፍጹም»፣ «አንዳንዴ»፣ «ብዙውን ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ» ናቸው። ሌላው ሆስ ይባላል፤ ሜዲኬር አድቫንቴጅ በሚባለው የግል ድርጅቶች ፕላን ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። ስለ ጤናቸው ይጠይቅና ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው መልሶ ይጠይቃል። ስለ መውደቅና ሽንት ስለ ማምለጥ ሁሉ ያነሳል።

እነዚህ መልሶች ፕላኖቹ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ለሚሰጣቸው ደረጃ ይውላሉ። አራት ኮከብና ከዚያ በላይ ያገኘ ፕላን ተጨማሪ ክፍያ ከመንግሥት ያገኛል። ስለዚህ መልሳችሁ ክብደት አለው። ፕላኑ ወይም ክሊኒኩ «ሁልጊዜ የሚለውን ምረጡልን» ብሎ ሊወተውታችሁ አይፈቀድለትም። ከወተወታችሁ ለዚያው ለሜዲኬር ስልክ ተናገሩ። የኛ ሰው ደግሞ ማንም ሳይወተውተው «ሁልጊዜ» ይላል፤ «ሐኪሙን ማሳጣት ይሆንብኛል» ብሎ። ሐኪሙን ማሳጣት አይደለም። ቀጠሮ ስድስት ሳምንት ከፈጀ «አንዳንዴ» ማለት እውነቱን መናገር ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ አትቀላቅሉት። የግል ፕላኑ ነርስ ወደ ቤት ልኮ «የጤና ግምገማ» ሊያደርግ ይችላል። እሱ የፕላኑ የራሱ ሥራ ነው፣ የመንግሥት ጥናት አይደለም።

ሦስተኛ፦ አንደበት ማን ይሁን?

ጠያቂ የሚልከው ዋናው ጥናት የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ነው። አማርኛ የለም። እናታችሁ እንግሊዝኛ ካልቻለች ከቤተሰብ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ጠያቂው ሲደውል ይህን ወዲያው ንገሩትና እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቁት።

ሁለት ነገር ለዩ። ማስተርጎም አንድ ነው፤ እናታችሁ ትመልሳለች፣ እናንተ ቋንቋውን ትቀይራላችሁ። በምትክ መመለስ ሌላ ነው፤ በሕመም ወይም በመርሳት ምክንያት እሷ መመለስ ካልቻለች እናንተ ስለ እሷ ትመልሳላችሁ። እናት በአእምሮዋ ደህና ሆና ልጅ «እኔ ልመልስላት» ሲል አያምርም። የራሷ ነገር ነው፤ ትጠየቅ።

ማን ይሁን ለሚለው፣ በየቤቱ የሚሆነውን አውቃለሁ። እንግሊዝኛው የሚጥመው ወንድም ይጠራል። ግን ሐኪም ቤት የሚወስዳት ማነው? መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ የሚደረድረው ማነው? እሱ ወይም እሷ ይሁኑ። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ግን አይሁን። ስለ ሽንት፣ ስለ ገላ መታጠብ፣ ስለ ሐዘን ይጠየቃል፤ አያት በልጅ ፊት እውነቱን አትናገርም። ለአባት ወንድ ልጅ፣ ለእናት ሴት ልጅ ቢሆን ብዙ ነገር ይቀላል። ከተቻለ በየዙሩ ያው ሰው ይቀጥል።

ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን እናንተ ጻፉ። ጠያቂው «ሦስት ሰዓት» ሲል ከቀትር በኋላ ማለቱ ነው። እናቴ ግን በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቡና አቅርባ ጠብቃለች።

አራተኛ፦ ፌስታሉንና ቆርቆሮውን አዘጋጁ

በኛ ቤት ወረቀት በብስኩት ቆርቆሮ፣ መድኃኒት በፌስታል ነው የሚቀመጠው። በናንተም ቤት ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ገልብጡ።

ካርዶቹን ለዩ፦ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነውን የሜዲኬር ካርድ፣ የፕላን ካርድ ካለ፣ የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ካርድ ካለ። ከዚያ የመድኃኒት ጠርሙሶቹን በሙሉ አምጡ፤ የጨረሰችውንም ጭምር። ስማቸውን በቃል ከማለት ጠርሙሱን ማሳየት ይሻላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛችሁትም ይቅረብ። ዳማከሴና ጤና አዳምም የምትወስድ ከሆነ ይህኑ አጋጣሚ ተጠቅማችሁ ለሐኪሟ የሚነገር ማስታወሻ ያዙ።

ሜዲኬር የሚልከው ማጠቃለያ ወረቀት አለ። ላዩ ላይ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ብዙ ሰው ወይ ደንግጦ ሊከፍል ይሮጣል፣ ወይ ይጥለዋል። አትጣሉት። ሐኪሙ ስንት ጠየቀ፣ ሜዲኬር ስንት ከፈለ፣ እናንተ ስንት ቀረባችሁ የሚለው እሱ ላይ አለ። ጠያቂውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የጥርስ፣ የመነጽርና የፋርማሲ ደረሰኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል፤ ያን መንግሥት በሌላ መንገድ አያገኘውም።

አሁን ስለ ቀን። ጥያቄዎቹ «ካለፈው ቃለ መጠይቅ ወዲህ ሐኪም ዘንድ መቼ ሄዱ?» የሚሉ ናቸው። እናቴን ብትጠይቋት «የህዳር ጽዮን ማግስት» ትላችኋለች። ስህተት የለበትም። ከማንኛችንም በተሻለ ታስታውሳለች። ብቻ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መለወጥ ያስፈልጋል፦ ህዳር 21 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 30 ላይ ይውላል፤ ማግስቱ ዲሴምበር 1 ነው ማለት ነው። ሁለቱም አቆጣጠር ያለበት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የግድግዳ ካላንደር እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ከግድግዳ አውርዱና ጠረጴዛው ላይ አኑሩት። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ቀን ላይ አጭር ምልክት አድርጉ፤ «ጥርስ፣ ይህን ያህል ብር» ብቻ ይበቃል።

አምስተኛ፦ የቃለ መጠይቁ ቀን

አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መድቡ። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። የጆሮ ማዳመጫ ካላት ታድርግ፣ መነጽሯንም። ቃለ መጠይቁ በስልክ ከሆነ ድምፁን ለሁለታችሁም ክፈቱት።

ከሁሉ በፊት ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ይህን በግልጽ ንገሩ፦ መሳተፍ በፈቃድ ነው። መልሱ ሜዲኬራቸውን አይቀንስም፣ አይጨምርምም። ይህ የሚነገረው ፍርሃት ስላለ ነው። አንዳንዱ «ታምሜአለሁ ካልኩ ኢንሹራንሱን ይወስዱብኛል፣ ወይም ነርሲንግ ሆም ያስገቡኛል» ብሎ ይደብቃል። ሌላው «ታምሜአለሁ ካልኩ ይጨምሩልኛል» ብሎ ያጋንናል። ሁለቱም የሚሆን ነገር አይደለም። መልሱ ከስማቸው ተነጥሎ ከሌሎች መልሶች ጋር ተደምሮ ነው የሚሠራበት፤ በ1974ቱ የግላዊነት ሕግም ይጠበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። ጥናቱ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ በዝርዝር ይጠይቃል። ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ከአልጋና ከወንበር መነሳት፣ መራመድ፣ ሽንት ቤት መጠቀም። ከዚያ ስልክ መደወል፣ ምግብ ማብሰል፣ ገበያ መሄድ፣ ገንዘብ መያዝ። እዚህ ላይ አንዲት የቋንቋ ወጥመድ አለች። ጥያቄው «ያስቸግርዎታል?» ነው። እኛ ግን ስንተረጉም «ትችያለሽ?» እንላለን። «ትችያለሽ?» ሲባል የኛ እናት መልስ አንድ ነው፦ «እንዴት አልችልም!» የሀገር ኩራት ነው። «ያስቸግርሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ሌላ ወሬ ትሰማላችሁ።

እርዳታን በተመለከተም እንዲሁ ነው። «ገላሽን ስትታጠቢ የሚረዳሽ ሰው አለ?» ስላት እናቴ «የለም» አለች። በየሳምንቱ ጀርባዋን የማጥባት፣ ከመታጠቢያው ገንዳ ይዤ የማወጣት እኔ ነኝ። ለእሷ ይህ እርዳታ አይደለም፤ ልጅነት ነው። ለጥናቱ ግን እርዳታ ነው። ስለዚህ ምሳሌ ጨምራችሁ ጠይቁ፦ «እኔ ይዤሽ የምወጣው ዓይነት»።

መለኪያዎቹንም ወደ ቤታችን አምጧቸው። «አሥር ፓውንድ ማንሳት» ሲል አራት ኪሎ ተኩል ነው፤ በጤፍ ዱቄት ከረጢት አስሉላት። «ሩብ ማይል መራመድ» ሲል ሁለት ሦስት ብሎክ ነው፤ «ከቤት እስከ እንትን ሱቅ» በሏት። ትንንሽ ነገር በጣት መያዝ ሲል ቡና መልቀም ይሆናል። «መንበርከክና ማጎንበስ» የሚለው ደግሞ ለኛ ወላጆች ግልጽ መለኪያ አለው። እናቴን በሁለተኛው ዙር «መንበርከክ ያስቸግርሻል?» ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች። ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘንድሮ ለሕማማት አልሰገድኩም። ቄሱ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ ብለውኛል» አለች። ጉልበቷ ከተያዘ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ግን ለማንም አልነገረችም ነበር። ለአባቶች፣ በሶላት ጊዜ ወንበር ላይ መስገድ ከጀመሩ፣ ያም ያው መልስ ነው።

የናንተ ሥራ መተርጎም ነው። መልሱን አታሳምሩት፣ አታክብዱትም። «ተመስገን» ስትል ምስጋናዋን አክብሩና መልሱን ደግማችሁ ጠይቁ፦ «ተመስገን እማዬ። ከአምስቱ የቱ ይሁን?» ብላችሁ አምስቱን ምርጫ ደግማችሁ ቁጠሩላት። እሷ ትምረጥ። ያልገባችሁን ለጠያቂው «አልገባኝም» በሉት፤ ደግሞ ያነብላችኋል።

ስድስተኛ፦ የሚከብዱት ጥያቄዎች

ገንዘብ ይጠየቃል፤ ገቢና ንብረት። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሸማቀቃል፤ «ልጆቼ ናቸው የሚያኖሩኝ» ማለት ይከብደዋል። መመለስ ካልፈለጉ «ይህን እንለፈው» ማለት ይቻላል፤ የቀረው ይቀጥላል። ከቻሉ ግን ቢመልሱ ደስ ይለኛል፤ በልጅ ደመወዝ የሚኖር አረጋዊ እንዳለ ካልተነገረ በሒሳቡ ውስጥ አይታይም።

ስለ ስሜትም ይጠየቃል። እንግሊዝኛው «ድብርት ተሰምቶዎት ያውቃል?» የሚል ነገር ነው። «ድብርት» ብላችሁ ስትጠይቁ «ኧረ አላበድኩም» የሚል መልስ ይመጣል። እናቶቻችን የሚሉት ግን ሌላ ነው፦ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ሆድ ይብሰኛል»። ልጆች ሁሉ ሥራ ሄደው፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻዋን ለምትውል ሴት ይህ ቃል ልክ ነው። በዚያ ቃል ጠይቋት። በየስንት ቀኑ እንደሆነ ደግሞ እሷ ትንገራችሁ። ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላም ይህን መልስ ለሐኪሟ አንሱት።

የማስታወስ ጥያቄ ከመጣ አፋችሁን ያዙ። ቀኑን ስትረሳ መልሱን ማንሾካሾክ ያሰኛል፤ እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው ያለፍኩት። ማንሾካሾክ እሷን መርዳት አይደለም።

ዘር ሲጠየቅ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ቀጥሎ ዝርዝር ካለ እዩት። በ2024 የወጣው የፌዴራል መመዘኛ በዚያ ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ጠቅሷል። አገር ለመጥቀስ ዕድል ካለ ጥቀሱ። በቤት የምትናገሩት ቋንቋ ከተጠየቀም «አማርኛ» በሉ፤ ወይም ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ የራሳችሁን።

ሰባተኛ፦ ከዙር እስከ ዙር

ጠያቂው ከወራት በኋላ ይመለሳል። እስከዚያ ቆርቆሮው ሥራ ላይ ይሁን። ከፋርማሲ ስትመለሱ ደረሰኙን ወዲያው ክተቱት፤ ኪስ ውስጥ የቀረ ደረሰኝ በላውንድሪ ያልቃል።

ወላጆቻችን ለወራት ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ለጠያቂው ንገሩ፤ ስትመለሱ የሚጠራችሁን ጊዜ ያስተካክላል። በነገራችን ላይ ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም፤ ለጉዞው ራሱን የቻለ ኢንሹራንስ አስቡ። ቤት ከቀየራችሁም አዲሱን አድራሻ ስጡ። ነርሲንግ ሆም ከገቡ ጥናቱ አይቋረጥም፤ ያን ጊዜ የሚጠየቁት የተቋሙ ሠራተኞች ናቸው። መቀጠል ካልፈለጋችሁም በየትኛውም ዙር «በቃን» ማለት ትችላላችሁ።

የተሰበሰበው ነገር የት ይደርሳል ለምትሉ፣ ሲ.ኤም.ኤስ ስም የሌለበትን የሕዝብ ፋይል በየጊዜው በነጻ ያወጣል። ጥናቱ በየዓመቱ የሚይዘው ወደ 15,000 ሰው ነው። ስታካፍሉት አንድ ተመራጭ ከአራት ሺህ በላይ ሰው ይወክላል ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «የአራት ሺህ ሰው ጉልበት በኔ ላይ?» አለችና ለቀጣዩ ዙር መቁጠሪያዋን አስቀምጣ ራሷ ካላንደሩን ታመለክት ጀመር።

ቀጣዩ ዙራችን ጃንዋሪ ላይ ነው። ትናንት የጥርስ ደረሰኝ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። እናቴ ከላይ በእርሳስ «የሥላሴ ዕለት» ብላ ጽፋበታለች።